በቀይ ካልሲ የተጠቀለለችው ሽጉጥ

ባል ለሚስቱ የማትሆናትን ሽጉጥ ሊገዛ ሲመጣ ጆዲ ሃልቨርሰን ገና ከበሩ ታውቀዋለች። በረዶውን ከቦት ጫማው ላይ ያራግፋል፣ ሚስቱን አስከትሎ ይገባል፣ ከመስታወቱ ሥር ከተደረደሩት ሁሉ ትንሿንና ቀላሏን መርጦ በጣቱ ይጠቁማል። «ይቺ ለእሷ እጅ ትሆናለች» ይላል። ሚስትየዋን የሚጠይቃት የለም። ወር ሳይሞላ ያቺው ሽጉጥ ተመልሳ ትመጣለች፤ ሴትየዋ አንድ ጊዜ ተኩሳባት መዳፏ ሲነድ ሁለተኛ አልነካትም ብላለች። ጆዲና አባቷ ቨርን በሽጉጥ ሱቃቸው እነዚህን ተመላሾች የሚደረድሩበት የተለየ ቦታ አላቸው፤ «የባሎች መደርደሪያ» ይባላል። ስሙን ያወጣችው ጆዲ ናት። ቨርን ለደንበኛ ሲያወራ ግን የራሱ ቀልድ አስመስሎ ነው የሚናገረው።

ሽጉጥ በቀለለ ቁጥር ሲተኮስ ርግጫው ይብሳል። ባነሰ ቁጥር የሚጨበጥበት ቦታ ያጥራል። በተለይ ጥይቱ በሚዞር ከበሮ ውስጥ የሚገባው ትንሹ ዓይነት ቃታው ጠንካራ ስለሆነ የደከመ ጣት አይስበውም። አቅም ለሌለው እጅ ትልቁና ከበድ ያለው ይሻላል። ጆዲ ይህንን ስትናገር ኖራለች፤ በከተማቸው በቤል ፎርክ እስካሁን አንድም ባል አላመናትም።

ስለዚህ ያን ማክሰኞ ሉአን ፕሬስኮትን በቀጥታ ወደ ባሎች መደርደሪያ ስትወስዳት የምትሠራውን ጠንቅቃ ታውቅ ነበር።

ሉአን የከተማዋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሙዚቃ አስተማሪ ነበረች፤ ጆዲንም አስተምራታለች። ጡረታ የወጣችው ቁርጥማት ጣቶቿን እንደ ዝንጅብል ሥር ሲያጣምማቸውና ፒያኖ አልታዘዝ ሲላት ነው። ባሏ ሞቷል። ቤቷ ከከተማ ራቅ ብሎ፣ የከብት አጥሩ ከሚያልቅበት ወዲያ ነው። ባለፈው ወር ሰው በሯን ሰብሮ ገባባት። ሸሪፉ በዚያ በረዶ እስኪደርስ ጓዳ ውስጥ ዱቄት ከረጢት ላይ ተቀምጣ፣ ሌባው የባሏን መሣሪያዎች አንድ በአንድ እያነሳ ሲመርጥ ስትሰማ ቆየች። ይህን ሁሉ ሰው ያውቃል፤ ጆዲም አዝናላታለች። ካዘነች በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣ።

ሌላው ነገር ቨርን ነው። ከመኸር ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ከሉአን ጋር በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የቺሊ ወጥና የቀረፋ ዳቦ ሲበላ ይታያል። ቤቷ ከተሰበረ ወዲህ ደግሞ ሱቁ ጓዳ፣ የጆዲ እናት ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ያስቀምጣትና ጣቶቿን አንድ በአንድ እየያዘ «እዚህ ያምሻል? እዚህስ?» ይላል። ጆዲ ይህንን ከመሸጫው ባንኮ ጀርባ ሆና ታያለች። የእሷን ጣት ማን ጠይቆት ያውቃል? ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ሽጉጥ ማቀባበል አቅቷት፣ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ አልሳብ ብሏት ስታለቅስ ቨርን ያላት አንድ ቃል ነው፤ «ድገሚው።» በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ያለው ቆዳ ተልጦ ሲደማ ፕላስተር ለጠፈበትና አሁንም «ድገሚው» አላት። በአሥራ ስድስት ዓመቷ የክፍለ ግዛቱን የወጣቶች ውድድር አሸነፈች። ዋንጫዋን ቨርን ባንኮው ሥር፣ ከሽጉጥ ዘይት ጎን አስቀመጠው። እስካሁን እዚያው ነው፤ እስክሪብቶ ተሰክቶበታል።

«ይቺን ይሞክሯት» አለች ጆዲ፣ ባለከበሮዋን ትንሽ ሽጉጥ ለሉአን እያቀበለች።

«ጆዲ፣ አንቺ በይኝ እንጂ። ከመቼ ወዲህ ነው እርስዎ የሆንኩት?»

«አስተማሪዬ አይደሉ?»

ሉአን ሽጉጧን መዘነቻት። «ቀላል ናት።»

«በጣም ቀላል ናት» አለች ጆዲ። አልዋሸችም።

መለማመጃው ከሱቁ ጀርባ ያለ ረጅም ክፍል ነው። ሉአን የጆሮ መከላከያዋን አደረገች፣ የተነገራትን ሁሉ እንደ ጎበዝ ተማሪ ፈጸመች። ቃታውን አንድ ጣት ስላልሳበላት ሁለት ጣት ጨመረችበት። በመጨረሻ ተኮሰች። ጥይቱ ዒላማው ካለበት ብዙ ርቆ አሸዋው ውስጥ ገባ። ሉአን ሽጉጧን አፈሙዙ ወደ ፊት እንደሆነ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቀኝ እጇን ብብቷ ውስጥ ሸጎጠች። አልጮኸችም። ፊቷ ብቻ ግርጣት ለበሰ።

ጆዲ ደስ ይለኛል ብላ ነበር። ደስ አላላትም።

ቨርን በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። መጣና ሽጉጧን አየ፣ ከዚያ ጆዲን አየ።

«ከየት ነው ያነሳሻት?»

«ከመደርደሪያ።»

«ከየትኛው መደርደሪያ?»

ቨርን አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። የሉአንን እጅ ከብብቷ አውጥቶ መገጣጠሚያዎቹን በየተራ አየና «በቃ፣ ነገሩ ተቆረጠ» አለ። ወደ ጓዳው ገባ። የካዝናው መዝጊያ ሲከፈት ጆዲ ሰማችው፤ ምን ይዞ እንደሚወጣም ገና ሳይወጣ አወቀች።

ቀይ የሱፍ ካልሲ ይዞ ወጣ። ካልሲው የእናቷ የካርላ ነው፤ ከበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ውስጥ የምታደርገው ነበር። ውስጡ የካርላ ሽጉጥ አለች። ካርላን ጡንቻ የሚያመነምን በሽታ ከዓመት ዓመት አቅም ሲያሳጣት፣ ቨርን ዴንቨር ድረስ ነድቶ ሄዶ ያመጣላት ናት። ማቀባበል አትጠይቅም። ጎኗ ላይ ያለችውን ትንሽ ብረት በአውራ ጣት ሲገፏት አፈሙዟ ከበስተኋላ ብድግ ይላል፤ ጥይቱን አጉርሶ መልሶ መክደን ነው። ካርላ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ጆዲ አንድም ቀን «የኔ ናት» ብላ አታውቅም። መናገር የሚያስፈልግ አልመሰላትም ነበር።

«እሷን አትሰጣትም» አለች።

«ካዝና ውስጥ ተኝታ ምን ትሠራለች?»

«የእማዬ ናት።»

«እናትሽ እጇ ሲደክም ነው የገዛሁላት። የሉአንም እጅ ደክሟል። ሽጉጥ ናት ጆዲ፤ የግድግዳ ፎቶ አይደለችም።»

ሉአን የጆሮ መከላከያዋን አንገቷ ላይ አወረደች። «ቨርን፣ እኔ መኪና ውስጥ ልጠብቅህ። በእኔ የተነሳ ቤተሰብ ሲጣላ ማየት አልወድም።»

«ማንም አልተጣላም» አሉ አባትና ልጅ እኩል።

ጆዲ ዓይኗን ከካልሲው አላነሳችም። እንግዲህ ከእናቷ ወንበር ወደ እናቷ ሽጉጥ ተደረሰ ማለት ነው። «እስከ ቅዳሜ ጊዜ ስጠኝ» አለች። «ከዚህች የተሻለች ካገኘሁላት የእማዬ ወደ ካዝናዋ ትመለሳለች። ቁልፉንም ለእኔ ትሰጠኛለህ።»

«ከእኔ ጋር የሚደራደር አለ እንዴ?»

«እኔ አለሁ።»

ቨርን ካልሲውን እጁ ላይ ገለበጠው። «የማይሆን ነገር አምጥተሽ እጇን ካሳመምሽው ግን ወዮልሽ። እስከ ቅዳሜ።»

ጆዲ ቤቷ ገብታ አስባ አስባ የደረሰችበት ነገር ይበልጥ አናደዳት። ማጭበርበር አያዋጣም። ሉአን መጥፎ ሽጉጥ ይዛ ብትቀርብ ቨርን የካርላን ይሰጣታል፤ ደህና ሽጉጥ ይዛ መተኮስ ቢያቅታትም ያው ነው። የእናቷ ሽጉጥ እዚህ እንድትቀር ከተፈለገ ያቺን ሴት ከልብ ማስተማር ግድ ነው። የምትቀናበትን ሰው ማሰልጠን! ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ቆዳዋን የላጣትን ሙያ አውጥታ፣ ለስላሳ አድርጋ፣ ለሉአን ማጉረስ።

ሐሙስ ቨርን ለዕቃ ግዢ ሲሄድ፣ ጆዲ ጠርታት ሉአን መጣች። ጆዲ ሽጉጦች አወጣችላት። አንዱን ሉአን ገና ጨብጣ «ይሄ ጠባብ ነው» አለች፤ ወደ ጎን ሆነ። ሌላው ሞላው ከረር ያለ ነው፤ እሱም ወደ ጎን ሆነ። የቀረው መካከለኛ የሚባለው ነው፤ ሙሉ መዳፍ የሚሞላ፣ ጥይቱ ለስለስ ያለ፣ ሞላው ላላ ተደርጎ የተሠራ። ብረቱ ከኋላ በኩል ግራና ቀኝ ቆንጠጥ ተደርጎ የሚያዝበት ጆሮ አለው፣ ጣት እንዳያንሸራትት።

«ይሄ ትልቅ አይደለም?» አለች ሉአን።

«ትልቅነቱ ነው ለእርስዎ የሚሠራው። ርግጫውን ራሱ ይውጠዋል።»

«ታዲያ ማክሰኞ ለምን ያቺን ሰጠሽኝ?»

ጆዲ ባዶውን ሽጉጥ ደግማ ፈተሸች፣ ፈትሻ የጨረሰችውን።

«ሦስተኛ ክፍል ሳለሽ» አለች ሉአን፣ «ለብቻ ቆሞ ዋሽንት የመንፋቱን ተራ ለክፍል ጓደኛሽ ለዳኔት ሰጠሁ። በበዓሉ ቀን ዳኔት ብትነፋ ብትነፋ ድምፅ አልወጣ አለ። ውስጡን ስናይ ሙጫ።»

«ማስቲካ ነው።»

«ለካ ማስቲካ ነው።»

«ዳኔት ምት አትጠብቅም ነበር። እኔ እጠብቅ ነበር።»

«ትጠብቂ ነበር» አለች ሉአን። «ዳኔት ግን ያን ዓመት አባቷ ጥሏቸው ሄዶ ነበር። አንቺ ሁሉ ነገር ያለሽ ልጅ ትመስይኝ ነበር።» ከዚያ ስለዚህ ጉዳይ ሌላ ቃል አልጨመረችም። «በይ አሁን አስተምሪኝ። እጄ ከእራት በፊት ነው ደህና የሚሆነው።»

ሉአን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሳሳተውን ስህተት ተሳሳተች። በቀኟ ሽጉጡን ዘርግታ ያዘችና በግራዋ ጣቶች የላይኛውን ብረት ወደ ራሷ ትጎትተው ጀመር። ብረቱ ንቅንቅ አላለም። ፊቷ ቀላ።

«አይጎትቱት» አለች ጆዲ። «ወደ ደረትዎ ያምጡት፤ ክንድዎ ጎንዎ ላይ ይለጠፍ። አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደሆነ ይቆይ፣ ሰውነትዎን ነው የሚያዞሩት። ቃታው ጋ ጣት የለም። አሁን ግራ እጅዎን ከላይ ያሳርፉ፣ በጣት ሳይሆን በመዳፍ፣ ሳንድዊች እንደሚጨብጡ። ግራዎ ዝም ብሎ ይያዝ። በቀኝዎ ወደ ፊት ይግፉ።»

«ብረቱ ወደ ኋላ እንዲሄድ ሽጉጡን ወደ ፊት?»

«አዎ። ጣት ይደክማል፤ ትከሻ ግን አለዎት።»

ሉአን ሞከረች፤ ግማሽ ድረስ ሄደና አመለጣት። ደግማ ሞከረች። አሁንም አመለጣት። ጆዲ «ይድገሙት» ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ቀስ ይበሉ። ማንም አያሯሩጠንም። መጀመሪያ ይተንፍሱ።»

የራሷ ድምፅ አስደነገጣት። ይህን አነጋገር ታውቀዋለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል፤ ካርላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ቨርን ከጀርባዋ ሆኖ አውራ ጣቷን በራሱ ጣት ደግፎ ያቺን አዲስ ሽጉጥ ሲያስከፍታት። «ቀስ በይ የኔ ፍቅር፣ ማንም አያሯሩጠንም» ሲላት። ጆዲ በሩ ላይ ትንሽ ቆመች፣ ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥታ ጥይቶቿን ሁሉ ተኩሳ እስክትጨርስ አጥር ላይ የተሰቀለ ቆርቆሮ ስትደበድብ አመሸች። እናቷ እየሞተች ነበር፤ ልጅቷ በምትሞት እናቷ ትቀና ነበር። ይህን ለማንም ነግራው አታውቅም፤ አሁንም ልትነግር አላሰበችም።

ሉአን ተነፈሰች። ልክ ዘማሪዎቿን ልታስጀምር እንደምትተነፍሰው። ትከሻዋን ገፋች፤ ብረቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ሄዶ ተመለሰና ሽጉጡ ተቀባበለ።

«ይኸው» አለች ሉአን፣ በቀስታ። «እንደ አኮርዲዮን ነው እኮ። ሰው ይጎትታል ብሎ ያስባል።»

ቅዳሜ ሱቁን ቀደም ብለው ዘጉ። ቨርን ቀዩን ካልሲ መለማመጃው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፤ ጆዲ የእሷን ምርጫ አጠገቡ አስቀመጠች። እጀታው ውስጥ የሚገባውን የጥይት ካርታ መሙላት ለሉአን ጣት የሚያቀልላትን የፕላስቲክ መሙያም ጨመረች፤ እሱን የገዛችው ከራሷ ኪስ ነው።

«መጀመሪያ የካርላ» አለ ቨርን።

ሉአን የሽጉጧን የጎን ብረት ገፋች፤ አፈሙዟ ብድግ አለ። ቨርን ፈገግ አለ። አጎረሰቻት፣ ከደነቻት። የመጀመሪያው ቃታ ጠንከር ቢልባትም ተኮሰች። ሁለተኛው ቀጭ ብሎ ቀረ። ጆዲ ከጥይቶቹ መካከል የማይፈነዳ የልምምድ ጥይት ደባልቃ ነበር፤ ይህ በልምምድ የተለመደ ነው፣ ቨርንም ሲያደርገው ኖሯል። ሉአን አፈሙዙን ከፈተች። የከሸፈው ጥይት ውስጥ ተቀርቅሮ አልወጣ አለ። በጥፍሯ ልትቆፍረው ሞከረች፤ ጥፍሯ አልደረሰም። በዚያ ጣቷ ብትደርስም አይወጣም።

«ይቺ ሽጉጥ የከሸፈባትን ራሷ አትተፋም» አለች ጆዲ። «አንተ ታውቃለህ።»

የቨርን ፈገግታ ጠፋ። «አውቃለሁ። ካርላ በከሸፈባት ቁጥር እኔ ነበርኩ በሰንጢ የማወጣላት።»

«እሷ ቤት ሆና ስትከሽፍባት ማን ያወጣላታል? ሌባው?»

ሉአን ጆዲ የመረጠችውን አነሳች። ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ ተንፍሳ፣ ገፍታ አቀባበለች። ተኮሰች፤ የዒላማውን ዳር ነካች። ደግማ ተኮሰች፤ ወደ መሃል ቀረበች። ሦስተኛው ከሸፈ፤ ጆዲ እዚህኛውም ውስጥ ደባልቃለች፤ ለሁለቱም እኩል ካልሆነ ምን ፈተና ይባላል? ሉአን ሳትደናገጥ ሽጉጡን ወደ ደረቷ መልሳ ገፋችው፤ የከሸፈው ዘሎ ወጣና ከቀለሆቹ መካከል ወደቀ። የቀረውን ተኮሰች። ከዚያ አስቀምጣ እጇን አየችው፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ ሰው።

«አላመመኝም» አለች። «ቨርን፣ አላመመኝም።»

ቨርን ወደ እሷ ሄደ። ትከሻዋን ያዘ፣ ጆሮዋ ላይ ያለውን መከላከያ እሱ ራሱ አወለቀላት። ፊቱ ላይ ያለውን ነገር ጆዲ ዋንጫ ያመጣች ቀን ፈልጋ አጥታዋለች። ሥራው የእሷ፣ ምርጫው የእሷ፣ ትምህርቱ የእሷ፤ ያ ፊት ግን ወደ ሉአን ነው የዞረው።

«ለዛሬ ይበቃል» አላት። «እጅሽን አታድክሚ።»

ሉአን ልትሄድ ስትል ጆዲ ፊት ቆመች። «ያቺን የእናትሽን ሽጉጥ እኔ አልጠየቅኩትም። ይህን እንድታውቂ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ጆዲ። ከዚያ «ሐሙስ ነይ፤ በግራ እጅም ትለማመጃለሽ» አለቻት። አንቺ ማለቷን ያስተዋለችው ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

ቨርን የሉአን መኪና መብራት የከብቱን አጥር እስኪያልፍ በመስኮት ተከትሎ አየ። ከዚያ ኪሱ ገብቶ የካዝናውን ቁልፍ አወጣና ከካልሲው ጎን አስቀመጠው። «ቃል ቃል ነው» ብሎ መጥረጊያ አንስቶ ቀለሆቹን መጥረግ ጀመረ።

ጆዲ ሽጉጧን ከካልሲው አወጣች። ባዶ መሆኗን አየች። ያን ሁሉ ሳምንት የታገለችላት ነገር እጇ ላይ ቁጭ ብላ ለእጇ አልሆን አለች፤ ትንሿ ጣቷ የምትይዘው አጥታ አየር ላይ ተንጠለጠለች። አሁን የእሷ ናት። ደስ ሊላት ይገባል።

«አባዬ።»

«እ።»

«አሳየኝ።»

«ምኑን?»

«እንዴት እንደምትከፈት።»

ቨርን መጥረጊያውን ደግፎ ቆመ። «አንቺ? ዓይነ ስውር ሆነሽ እንኳ ትከፍቻታለሽ እኮ። ምን ሆንሽ?»

«አሳየኝ አልኩህ።»

አባቷ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ጠረጴዛውን ዞሮ መጣ። ከጀርባዋ ቆመ። ዘይትና የቀዘቀዘ ቡና ይሸታል። ሻካራውን ጣቱን አውራ ጣቷ ላይ አደረገና ትንሿ ብረት ጋ ወሰደው።

«እዚህ ጋ። አትጫኚያት፤ ግፊያት።»

ገፋቻት። አፈሙዟ ብድግ አለ። ከደነቻት። እጁ ከእጇ ላይ አልተነሳም። ጆዲ «ቀስ በይ» የሚለውን ቃል ጠበቀች።

«ድገሚው» አለ ቨርን።

ለሉአን «ይበቃል» ነበር ያላት። ጆዲ ይህንኑ ልትነግረው አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው፣ አውራ ጣቷን በአባቷ ጣት ሥር አስተካክላ ደገመችው።